መኪና ሁሉ በግራው የታመመበት ዓመት

ልጄ ባስልዮስ ዘመሮ ውስጥ መኪና ይጠግናል። ጋራዡ ከገበያው በታች፣ ወደ መርሐቤቴ የሚወስደው ጥርጊያ መንገድ ከተማውን ለቆ በሚወጣበት ቦታ ላይ ነው፤ ከጀርባው ቤታችን አለ። እኔ ከጋራዡ በር አጠገብ ተቀምጬ የበግ ጠጉር እፈትላለሁ። እንዝርቴን ሳላይ መፍተል እችላለሁና ዓይኔ ቀኑን ሙሉ እሱ ላይ ነው። አርባ ስድስት ዓመት ሞልቶታል፤ ቢሆንም እናት ልጇን ማየት የምታቆምበት ዕድሜ የለም።

ሌላው መካኒክ መኪና ሲመጣለት ይነካል፣ ይፈታል። ባስልዮስ መጀመሪያ ይሰማል። የሚሰማበትም መሣሪያ የአባቱ መቋሚያ ነው። አባቱ መሪጌታ ይሥሐቅ ሲያርፉ ልጁ ዐሥራ አምስት ዓመቱ ነበር፤ ስምንት ዓመት ዜማ ተምሮ ድጓውን አጋምሶት ነበር። ታናናሾቹን የሚያበላ ሲጠፋ ትምህርቱን ትቶ ደብረ ብርሃን ሄደና ከአንድ ሽማግሌ መካኒክ ጋር ተቀመጠ። ከዐሥራ ሁለት ዓመት በኋላ አንድ ሣጥን ቁልፍና የዘይት ሽታ ይዞ ተመለሰ። መቋሚያው ግድግዳ ላይ እንደ ተሰቀለ ጠበቀው።

አንድ ቀን መኪና ሥር ተኝቶ ድምፅ ሲፈልግ ግራ ገብቶት ተነሣና መቋሚያውን አወረደ። የመቋሚያውን እግር ብረቱ ላይ አስደግፎ፣ የቀንዱን ራስ ከጆሮው ኋላ ካለው አጥንት ላይ ገጥሞ ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ወዲህ እንዲሁ ነው የሚሠራው። ሰዎች መጀመሪያ አጉረመረሙ፤ መቋሚያ የማሕሌት እንጂ የጋራዥ አይደለም አሉ። እሱ ግን ሥራ በጨረሰ ቁጥር በንጹሕ ጨርቅ ወልውሎ ሳይሰቅለው ቤት አይገባም።

ሾፌሮቹ «መሪጌታ» ይሉታል፤ ግማሹ ፌዝ፣ ግማሹ ክብር ነው። ድምፁን የሚለየው በተማረው ዜማ ነውና። «ቀጭን ሆኖ የሚያላዝነው አራራይ ነው» ይላል። «እሱ ጎማ ነው፤ በብረቶቹ መካከል ያለው ጎማ፣ ጎሚኒው፣ ደርቆ ነው የሚያለቅሰው። ውኃ አፍስሱበትና ዝም ካለ አትፍሩት። እየተወዛወዘ የሚደጋግመው ዕዝል ነው፤ ሾክ አብዞርበሩ ደክሟል፤ ትንገላታላችሁ እንጂ አትሞቱም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከታች፣ ዱብ የሚለው ግዕዝ ነው። እሱ ብረት ነው። በግዕዝ የምትናገር መኪና ይዞ ማንም ቁልቁለት አይውረድ።»

ስለ ቁልቁለቱ ልናገር። መንገዱ ከከተማው ወጥቶ ግማሽ ሰዓት ያህል በገብስ ማሳ መካከል ይሄዳል። ከዚያ አፋፉ ይመጣል። ከአፋፉ ወዲያ መንገዱ ገደሉን ታክኮ እየተጠማዘዘ እስከ ወንዙ ይወርዳል፤ ወንዙን ተሻግሮ ወደ ዓለም ከተማ ይወጣል። በዳሩ ግንብ የለውም። ልጅ ሳለሁ አንዲት የተጫነች በቅሎ ከዚያ ስትወድቅ አይቻለሁ። ስትወድቅ አየናት እንጂ መሬት ስትነካ አልሰማንም። ዛሬም መኪና ወደዚያ ሲሄድ የማስበው ያንን ዝምታ ነው።

ባስልዮስ ሥራውን የሚጽፈው በጋራዡ ግድግዳ ላይ ነው፤ በከሰል። የማን መኪና እንደሆነ፣ ምን ድምፅ እንደነበረው፣ ሕመሙ የት እንደተገኘ ይጽፋል። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ስልሳ ዓመት አልፎኝ፣ በጎልማሶች ትምህርት ነው፤ ማንበብ የለመድኩት ግን በዚያ ግድግዳ ነው። ቀድመው ዓይኔ ውስጥ የገቡት ቃላት «ግራ» እና «ቀኝ» ነበሩ፤ በየመስመሩ ስለሚገኙ።

በኅዳር ወር የአንድ ከባድ መኪና ጎማ እየነፋ ሳለ የቸርኬው ቀለበት ተፈናጠረ። ቀለበቱ በቀኝ ጆሮው አጠገብ አልፎ የጣራውን ቆርቆሮ ቀደደ። ድምፁ ከቤት ውስጥ አስወጣኝ። ባስልዮስ መሬት ላይ ተቀምጦ ነበር፤ አየኝና ሣቀ። «ደህና ነኝ እምዬ፤ ትንሽ ይጮህብኛል እንጂ» አለኝ። ሳምንት ሙሉ ጮኸበት። ከዚያ «ተወኝ» አለ። አምላኬን አመሰገንኩ፤ ምን እንደ ተወው አልጠየቅሁም።

ነገሩን ቀስ በቀስ ነው ያየሁት። በበዓላት ማሕሌት ሲቆም ሁልጊዜ በግራ ረድፍ፣ መካከል ላይ ነበር የሚቆመው። በገና ግን የረድፉ መጨረሻ ላይ፣ ግድግዳው በቀኙ እንዲሆን አድርጎ ቆመ። ደግሞ ዶሮ ከጓሮ ስትጮህ ወደ መንገዱ ያያል። ስጠራው ወዲያው «አቤት» ይላል፤ ግን የሚዞረው ሁልጊዜ ወደ ግራው ነው፤ ከዚያ ዙሪያውን ፈልጎ ያገኘኛል። ያየሁትን ለራሴም መናገር ፈራሁ። እኛ አገር ሰው ያንዱን ጉድለት ካወቀ ሠላሳ ዓመት የሠራውን ይረሳል። የልጄ እንጀራ ጆሮው ነው። እኔ ራሴ አፌን ከፍቼ እንጀራውን ላንሣበት?

በየካቲት መኳንንት ላንድክሩዘሩን ይዞ መጣ። መኳንንት የመኪናው ባለቤትም ሾፌርም ነው፤ ከዘመሮ ዓለም ከተማ ሰው ያመላልሳል። መኪናዋ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗታል፤ ቀለሟ ምን እንደነበር የሚያስታውስ የለም።

«ድምፅ አላት መሪጌታ» አለ።

«አትንገረኝ፤ አሰማኝ።»

መኳንንት አፉን አሞጥሙጦ ጉሮሮው ውስጥ እንደ ጎርናና ሳል ያለ ነገር አሰማ።

«የምትለው ስትዘል ነው ስትቆም?»

«እኔ ስናደድ ነው።»

«መኳንንት።»

«እሺ፤ ሰው ሞልታ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስይዝ ነው። ባዶዋን ከሆነች ጨዋ ናት፤ ቃል አይወጣትም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «እርስዎን ትመስላለች እማማ ጠጄ፤ ጉልበቷን ነው የሚያማት፤ ግን ሰው ፊት አታቃስትም።»

«ለእኔስ ጎሚኒ የሚቀይርልኝ የለም» አልኩት።

ባስልዮስ ባዶ መኪና እንደማይናገር ሲሰማ ዐሥራ ሁለት ጆንያ ገብስ አስጭኖ ነዳት። ሲመለስ ፊቱ ተፈትቷል። በግራ በኩል ከፊት፣ ክብደቷን የሚሸከመውን ባሌስትራ ከሻሲው ጋር የሚያያይዘው ጎሚኒ አልቆ ብረት ብረትን እየመታ ነው አለ። እውነቱን ነው፤ አውጥቶ አሳየን፤ አይጥ የበላው አይብ ይመስል ነበር። ቀየረው። እንደገና በጆንያ ነዳት። ዝም አለች። ግድግዳው ላይ «የመኳንንት ላንድክሩዘር፤ ግዕዝ፤ ፊት ግራ» ብሎ ጻፈ። ዓርብ ጧት ሰው ይዛ ትወርዳለች ተባለ።

ከሚወርዱት አንዷ የልጅ ልጄ ፅዮን ነበረች። የባስልዮስ ልጅ ናት፤ አዋላጅ ነርስነት ተምራ ጨርሳ በመርሐቤቴ አንድ ጤና ጣቢያ ተመድባለች፤ ሰኞ ሥራ መጀመር አለባት። እናቷ ቀድማ ወርዳ ዓለም ከተማ ቤት አሰናድታ ትጠብቃታለች።

ሐሙስ ጠጉሬን ይዤ እንደ ልማዴ ተቀመጥኩና ግድግዳውን አነበብኩ። የመኳንንትን መስመር አነበብኩ፤ ከሱ በላይ ያለውን አነበብኩ፤ ከዚያም በላይ። ግራ። ግራ። ግራ። እንዝርቴን አስቀምጬ ተነሣሁና ጣቴን እያስኬድኩ ወደ ላይ ቆጠርኩ። ከኅዳር ወዲህ ዐሥራ አንድ መኪና ተጽፏል፤ ዐሥራ አንዱም በግራቸው ነው የታመሙት። ከኅዳር በፊት ያለው እንደ ወትሮው ቀኝም ግራም የተቀላቀለበት ነው። ከዐሥራ አንዱ ሦስቱ ያንኑ ድምፅ ይዘው ተመልሰው እንደመጡ አስታወስኩ። ያኔ መንገዱን ነበር የረገምነው።

መንገድ መኪናን ሲመታ ጎን አይመርጥም። ጎን የመረጠው የሚሰማው ሰው ነው።

ቀትር ላይ ምሳውን በልቶ ጋራዡ ውስጥ ካለችው አልጋ ላይ ጋደም አለ፤ በግራ ጎኑ፤ ግራ ጆሮውን ትራሱ ውስጥ ቀብሮ። እንዳልተኛ አውቃለሁ፤ እግሩን ያወዛውዝ ነበር። ከራስጌው ቆሜ የክርስትና ስሙን ጠራሁት። «ገብረየሱስ» አልኩ። ከኔ በቀር በዚህ ስም የሚጠራው የለም። እግሩ መወዛወዙን ቀጠለ። ድምፄን ከፍ አደረግሁ። ከመንገዱ ማዶ ያለ ሰው ቀና ብሎ አየኝ። ልጄ ግን በጣራው ቀዳዳ ገብቶ ወለሉ ላይ ያረፈውን ብርሃን ያይ ነበር።

የዚያን ዕለት ከሰዓት ያልፈራሁት ነገር የለም። ልናገር? ለብቻው ብናገረው ይቆጣል፤ አውቀዋለሁ፤ «መቋሚያው አለልኝ» ይላል። መቋሚያው ደግሞ የሚናገረው ያስደገፉበት ብረት የሚለውን ብቻ ነው፤ የት እንደሚያስደግፈው የሚነግረው ጆሮው ነው፤ ጆሮው ደግሞ ሁልጊዜ ወደ ግራ ይልከዋል። ባልናገርስ? ምናልባት መኪናዋ በእውነት ድናለች። ጎሚኒው አልቆ ነበር፤ በዓይኔ አይቻለሁ። እንዲህ እያልኩ ራሴን ሳባብል ዋልኩ።

ዓርብ ጧት መኪናዋ ሞላች። ዐሥራ ሦስት ሰው፤ ከኋላ ፊት ለፊት ተያይተው ጉልበት ለጉልበት ተጋጥመው ተቀመጡ። ባና፣ የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ ወደ ዓለም ከተማ ገበያ የምታወርደው አማከለች ሸክሟን ጭኗ ላይ አድርጋ ሥፍራ ጠበበኝ ብላ ትጨቃጨቃለች።

«መሪጌታ፣ ድምፁን አጥፍተኸው ነው ወይስ ከሱ ጋር አስታርቀኸን ነው?» አለችው።

«ጠፍቷል እትዬ አማከለች።»

«ካልጠፋ እኔ ነኝ የምጮኸው፤ ያን ጊዜ በየትኛው ዜማ እንደምትጽፈኝ አያለሁ።»

ባስልዮስ አንድ ልማድ አለው። የጠገናትን መኪና በቃል ብቻ አይሸኝም፤ ከኋላዋ መሰላል ላይ ተንጠልጥሎ እስከ አፋፉ ይሄዳል፤ እየሰማ ይደርስና ወርዶ «ሂዱ» ይላል፤ በእግሩ ይመለሳል። ሾፌሮች ቃሉን ሳይሰሙ አፋፉን አያልፉም። ይህን እያወቅሁ ነው የተነሣሁት።

«እኔም እስከ አፋፉ ልሸኛት» አልኩ።

«እንዴት ትመለሻለሽ እምዬ?» አለ ባስልዮስ።

«ካንተ ጋር። መቋሚያህን አውሰኝ፤ እሱን ተደግፌ እመለሳለሁ።»

አየኝ፤ ከዚያ ሰጠኝ። ፅዮን ከፊት መኳንንት አጠገብ ተቀምጣ ነበር፤ እኔ ከሷ ቀጥሎ በበሩ በኩል፣ በቀኝ ተቀመጥኩ። ከእግሬ ሥር የቀኙ የፊት ጎማ አለ። ከከተማው ስንወጣ የመቋሚያውን እግር ወለሉ ላይ ተከልኩ፤ ራሱን ከጆሮዬ ኋላ ገጠምኩ። እሱ ሲያደርግ ስንት ዓመት አይቻለሁ።

«ተኙ እንዴ እማማ?» አለ መኳንንት።

«ራሴን ደግፌ ነው።»

መጀመሪያ የሰማሁት ሁሉም ነገር ነበር። ሞተሩ አጥንቴ ውስጥ ገብቶ እንደ ንብ ቀፎ ይጮኻል፤ ጠጠሩ፣ ካምቢዮው፣ የሰዎቹ ወሬ ሁሉ በአንድነት ይጎርፋል። ይህን ሁሉ እንዴት ይለየዋል ብዬ ለልጄ አዘንኩ። ከአፋፉ በፊት አንዲት ደረቅ ወንዝ አለች፤ መንገዱ ወደሷ ትንሽ ዘቅ ይላል። መኳንንት ፍሬን ያዘ።

ዱብ።

ጆሮዬ አልነበረም የሰማው። መንጋጋዬ ነው፤ የቀሩኝ ጥርሶች ናቸው። አንድ ጊዜ፣ ከታች፣ እንደ ከባድ በር።

የመቋሚያውን እግር በፅዮን እግሮች መካከል አሻግሬ በመኳንንት በኩል ተከልኩት። «እስቲ እንደገና ያዝ አድርጋት» አልኩ።

«ምን አዩ?»

«ያዝ አድርጋት ልጄ።»

ያዛት። በሱ በኩል የሞተሩ ንብ ብቻ ነው። ወደ እኔ መለስኩት። «አንድ ጊዜ ደግሞ።» ዱብ። ፅዮን ፊቴን እያየች ነበር፤ እጄን ያዘችኝ።

አፋፉ ላይ ቆምን። ጧት ስለነበር ከታች ጉም አለ፤ መንገዱ ትንሽ ወርዶ ጉሙ ውስጥ ይጠፋል። ባስልዮስ ከመሰላሉ ወርዶ በሾፌሩ መስኮት በኩል ሄደ። እኔ በሩን ከፍቼ በመኪናዋ ኋላ ዞሬ ሄድኩ። በቀኙ ቆምኩ፤ ክንድ ያህል ርቄ።

«በቀኝ ነው» አልኩ። ለብቻው እንዲሰማ ቀስ ብዬ ነበር።

እሱ መስኮቱን ተደግፎ መኳንንትን «ሁለተኛ ማርሽ ላይ አድርገህ ውረድ፣ ፍሬኑን አታድክመው» ይለዋል።

«ባስልዮስ፣ ድምፁ አለ፤ በቀኝ ነው» አልኩ፤ አሁን ድምፄ ወጣ። ከኋላ ያሉት ወሬ አቆሙ። መኳንንት ከመስኮቱ አሻግሮ አየኝ። ልጄ ንግግሩን ጨረሰና የመኳንንትን ትከሻ መታ አደረገ። «በሉ፣ በሰላም ግቡ» አለ።

«ኧረ እናትህ እያናገሩህ ነው!» አለች አማከለች ከውስጥ።

ልጄ ዞረ። ወደ ግራው ዞረ። በግራው ያለው ገደሉ ነው። ጉሙን እያየ እኔን ፈለገኝ።

ፅዮን ወረደች፤ መጥታ በቀኙ ቆመችና ከጆሮው አጠገብ ጣቷን አጮኸች፤ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። ከዚያ ፊት ለፊቱ ዞረች።

«አባባ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

መጀመሪያ እሷን አየ፤ ከዚያ መቋሚያውን እኔ እጅ ላይ አየው። ሁሉም እንደሚያየው ገባው።

«ከኅዳር» አለ።

መኳንንት ሞተሩን አጠፋ። «ከኅዳር ወዲህ ስንት ሾፌር ነው በቃልህ የወረደው?» አለ፤ የጠየቀው እሱን ይሁን ራሱን አላውቅም።

ባስልዮስ ወደ እኔ መጣና መቋሚያውን ከእጄ ወሰደ። ይመታኛል ብዬ አልፈራሁም፤ ግን ከቶ እንዳያየኝ ፈራሁ። «የት ጋ?» አለኝ። የተቀመጥኩበትን አሳየሁት። በአራቱም ጎማ ታኮ አስገባ። «ማንም እንዳይወርድ» አለ። «ፅዮን፣ አንቺም ግቢ። ባዶዋን አትናገርም።» ከዚያ በቀኙ ጎማ ሥር በጀርባው ገባ፤ መቋሚያውን አስደገፈ፤ ራሱን በግራ ጆሮው ኋላ ገጠመ። «አሁን ሁላችሁም አብራችሁ ወደ ፊት ጎንበስ፣ ወደ ኋላ ቀና በሉ።»

«ማሕሌት አስቆመን እኮ» አለች አማከለች፤ ግን ድምፅዋ ቀጥኖ ነበር። ዐሥራ ሦስቱም አንድ ላይ ጎንበስ ቀና አሉ። እኔ ከውጭ ቆሜ የልጄን ሁለት እግሮች ብቻ አያለሁ። ልጆቼንና መኪናዋን ሁሉ በአንድ ታኮ ላይ እንደ ተንጠለጠሉ ነበር የማየው። ጎንበስ። ቀና። ጎንበስ።

እግሮቹ ጸጥ አሉ።

«በቃ» አለ። «ቀስ እያላችሁ በኋላ በር ውረዱ። አንድ በአንድ።»

በናፍጣ የተነከረ ጨርቅ ጠይቆ ጭቃውን ጠረገ። ሲወጣ መኳንንትንና እኔን ጠራን፤ ጎንበስ ብለን አየን። ባሌስትራው ተነባብሮ የታሰረ ብረት ነው። ዋናው፣ ከላይ ያለው፣ ከማሰሪያው ሥር ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁ ግማሹ የዛገ ነው፤ ግማሹ ደግሞ እንደ አዲስ ማጭድ ያብለጨልጫል። ባስልዮስ የካራውን ጫፍ ከተተበት፤ ገባ። ከሱ ሥር ያለውም ተሰንጥቋል። ሦስተኛው ብቻ ነው የያዘው።

«ይህ ቢለቅስ?» አለ መኳንንት።

«ጎማው ወደ ኋላ ይሄዳል። መሪው ያንተ አይሆንም።»

መኳንንት ቀና ብሎ መንገዱን አየ፤ የመጀመሪያው መጠምዘዣ ከጉሙ ውስጥ ብቅ ብሎ ነበር። መኪናዋን ተደግፎ ቁጢጥ አለ። ከኋላችን አማከለች ባናዋን መሬት ላይ ዘርግታ ተቀመጠችና ማልቀስ ጀመረች፤ ስታለቅስ ደግሞ «ገበያው ሊገድለኝ ነበር እኮ» እያለች ትሥቃለች።

በእግራችን ተመለስን። ፅዮን ለእናቷ ደውላ እንደማትደርስ ነገረቻት፤ ምክንያቱን አልነገረቻትም። ባስልዮስ መንገዱን ሙሉ ከፊታችን ብቻውን ሄደ። በቀኙ ሄጄ ብናገረው እንደማይሰማኝ፣ በግራው ብሄድ እንደሚሰማኝ አውቃለሁ፤ የቱን እንደምመርጥ ጨንቆኝ ከኋላው ቀረሁ።

ጋራዡ ስንደርስ በቀጥታ ወደ ግድግዳው ሄደ። ጣቱን እኔ እንዳስኬድኩት አስኬደ። ዐሥራ አንድ ግራ።

«አንብበሽዋል?» አለኝ።

«ትናንት።»

«ትናንት?» አለ። ትናንት ብነግረው ኖሮ ብሎ ያሰበውን እኔም አሰብኩ። ትናንት ለመናገር ፈርቼ ዐሥራ ሦስት ሰው አፋፉ ድረስ አድርሻለሁ፤ ይህን ለንስሐ አባቴ ነግሬያለሁ፤ እዚህም ጽፌዋለሁ።

ስልኩን አወጣ። የመኳንንት ሲቀነስ ዐሥር መኪና ነው። ለአንዱም ሾፌር ሰበብ አልፈጠረም። ለሁሉም አንድ ቃል ነበር የሚላቸው፤ «አንድ ጆሮዬ አይሰማም። መኪናህን አይቼልሃለሁ ያልኩት ውሸት ሆኗል። ቁልቁለት አትውረድ፤ መልሰህ አምጣልኝ።» አንዱ ሰደበው። አንዱ ሣቀ። አንዱ «ስለነገርከኝ እግዜር ይስጥህ» አለ። ዘጠኙ ተገኙ። ዐሥረኛው ቃለአብ ነው፤ ፒካፕ አለው፤ ማሽላ ሊያመጣ ከረቡዕ ጀምሮ ቆላ ወርዷል። ስልኩ አይሠራም።

ቅዳሜ አይሠራም። እሑድ አይሠራም። ባስልዮስ መንገዱ ዳር ቁሞ ከቆላ የሚመጣውን ሁሉ ይጠይቃል፤ ያየው የለም። ስድስት መኪና ተመልሰው መጥተው ግቢው ሞልቷል፤ አንዱንም መንካት አልቻለም። መቋሚያውን ይዞ ይቆማል እንጂ አያስደግፈውም። እኔም መፍተል አልቻልኩም፤ ክሩ ይበጠስብኛል። የቃለአብ መስመር ከግድግዳው አራተኛው ነው፤ «ግዕዝ፤ ኋላ ግራ» ይላል። ያቺ በቅሎ ትመጣብኛለች።

ሰኞ ጧት ፅዮን በሌላ መኪና ልትሄድ ዕቃዋን ይዛ ወጣች። እሑድ ማታ ለሷ ሲባል ያ መኪና ብቻ ሲጠገን እኔና ባስልዮስ ግራና ቀኝ ተቀምጠን ነበር የሰማነው፤ እሱ በመቋሚያው፣ እኔ ከሰው በተዋስነው ሌላ መቋሚያ። እሱ ግራውን፣ እኔ ቀኙን። በቀኝ ያለውን ስነግረው አንድም ጊዜ «እርግጠኛ ነሽ?» አላለኝም፤ ሄዶ ራሱ ያስደግፍና ይሰማል እንጂ። ፅዮን አባቷን ስማ፣ ዓለም ከተማ የጆሮ ሐኪም ስታገኝ እንደምትደውል ነግራው ሄደች። አፋፉ ድረስ አልተንጠለጠለም። «ሂዱ የምልበት አፍ የለኝም» አለ።

እሷ ወንዙን ተሻግራ እስክትደውል ድረስ ስልኩን በመካከላችን አስቀምጠን ጠበቅን። ከደወለች በኋላም ተቀመጥን፤ የቃለአብ ነገር አለ።

ከሰዓት በኋላ ከቆላው መንገድ ጥሩምባ ተሰማ። እኔ ነኝ መጀመሪያ ያየሁት፤ አቧራ ለብሳ፣ ማሽላ ተጭና፣ ወደ ቀኝ ጎኗ ዘምማ የምትመጣ ፒካፕ። በዝግታ ነው የምትመጣው፤ እንደ አንካሳ። ቃለአብ ራሱን በመስኮት አውጥቶ አንድ ነገር ይጮኻል፤ የሚጮኸውም ስድብ ነበር፤ እንደዚያ ደስ ያለኝ ስድብ የለም።

ባስልዮስ ጥሩምባውን ሰምቶ ዘልሎ ተነሣ። ወደ ገበያው መንገድ፣ ወደ ግራው ዞረ። በዚያ ማንም አልነበረም፤ ፊቱ ተለወጠ።

ቀረብ ብዬ ቀኝ ትከሻውን ነካሁት።